ከራሴ ጣት የሰሰትኳት ጠብታ

ባለፈው ወር ድካም ድካም ሲለኝ ልጄ ክንዴን ይዛ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሆስፒታል በር ማለፍ እንኳ አልወድም፤ ዕድሜ ልኬን ያሸተትኩት የአልኮል ሽታ ይበቃኛል። ሐኪሙ የደም ምርመራ አዘዘልኝና ላቦራቶሪ ገባሁ። አንዲት ልጅ እግር ባለሙያ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። እኔ ታዲያ ሳልጠየቅ የግራ እጄን ዘርግቼ የቀለበት ጣቴን ሰጠኋት።

«አባባ፣ ከጣት አይደለም፤ ከክንድዎ ነው የምንወስደው» ብላ ሳቀች። ከዚያ ጣቴን አገላብጣ አየችው። «ይሄ ጣትዎ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የደነደነው? ልብስ ሰፊ ነበሩ እንዴ?»

«አዎ፣ ሰፊ ነበርኩ» አልኳት። ምን ብዬ ላስረዳት!

ደሜን ቀድታ ለማሽኑ ሰጠችው። ማሽኑ ትንሽ አጉረመረመና ወረቀት አወጣ። ነጩ፣ ቀዩ፣ ሌላው ሌላው ሁሉ ተቆጥሮ በሰልፍ ተጽፏል፤ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። እኔ ነጩን ብቻ ለመቁጠር አንገቴን ስሰብር የኖርኩ ሰው ነኝ።

«ይሄ ነገር ይሳሳታል?» አልኳት።

«ማሽን እኮ ነው አባባ!»

ቱግ አልኩ። ማሽን ቢሆንስ! ብዬ ልጮህባት አፌን ስከፍት እሷ ቀጠለች፦ «ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳንጀምር ቁጥሩ የታወቀ ደም እናጠጣዋለን። ያንን በትክክል ካልቆጠረ የሰው ደም አናስነካውም።»

አፌን መልሼ ዘጋሁ። ያንን ቁጥሩ የታወቀ ደም እኛ ጂንካ ላይ ከየት እናመጣው እንደነበር ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ ግን ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። ነገርን ነገር ያነሣዋልና ቤቴ ገብቼ ይህንን መጻፍ ጀመርኩ።

በስልሳ ስድስት ዓ.ም. ንጉሡ ሊወርዱ ወራት ሲቀራቸው ነው አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ሥልጠና የገባሁት። ስጨርስ መንግሥት ተለውጦ ጠበቀኝ። ምደባው ሲነበብ «በቀለ፣ ጂንካ» ተባለ። ጂንካ የት እንደሆነች ከክፍሉ የሚያውቅ አልነበረም። መምህራችን ጣቱን ካርታው ላይ ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ አሁንም ወደ ታች አወረደና «እዚህ መሆን አለባት» አለ። ደመወዜ ከጓደኞቼ በጥቂት ብር ይበልጥ ነበር፤ የበረሃ አበል ነው አሉኝ። ስደርስ በረሃ ሳይሆን ዝናብ አገኘሁ። የአውሮፕላን ማረፊያው ከተማው መሐል ያለ የሣር ሜዳ ነው፤ እኛ ከላይ ስንዞር ከታች ሰዎች ከብት ያባርሩ ነበር።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ላቦራቶሪ የሚባለው አንድ ክፍል ነው። አንድ መስኮት፣ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ አንድ ጋሽ ሳሙኤል። ጋሽ ሳሙኤል የጎፋ ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጴንጤ። ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አዲስ አበባ ያስተማሩኝማ ፈተና ማለፍ ነው።

ነጭ የደም ሴል እንዴት ይቆጠር እንደነበር ላልሰማ ልንገረው። ጣት ይወጋል። ደሙ በቀጭን የመስታወት ፒፔት እስከ ግማሽ መስመር ይሳባል፤ የምንስበው በአፋችን ነው፣ ጎማ ጫፉ ላይ ሰክተን። ከዚያ ላይ ቀዩን ሴል የሚያሟሟ፣ ነጩን ግን የማይነካ አሲድ ይጨመራል። ትንሽ ወይን ጠጅ ቀለም ስላለበት ነጩ ሴል ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ያንን አራት ማዕዘን መስመር የተሰመረበት መስታወት ላይ ጠብ አድርጎ፣ በማይክሮስኮፕ የአራቱን ማዕዘን ሴል አንድ በአንድ መቁጠር ነው። ያገኘኸውን በሃምሳ ታባዛለህ። መቶ ሃያ ካገኘህ ስድስት ሺህ ነው፤ ደህና ሰው ነው። በጣም ከበዛ ሰውነቱ አንድ ቦታ መግል ይዟል፣ ወይም የባሰ አለ። በጣም ካነሰ ደግሞ አንድ ነገር ከውስጥ እየበላው ነው። ሐኪሙ ቆርጦ የሚወስነው አንተ በጻፍካት ቁጥር ነው።

ጋሽ ሳሙኤል ሲቆጥሩ አይናገሩም። አስተዳዳሪው ቢገባም አንድ ጣታቸውን ወደ ላይ ያቆማሉ፤ ሰው ሁሉ ቀጥ ይላል። የነጩን ዓይነት በዓይነት ሲለዩ ደግሞ መቶ የበቆሎ ፍሬ ቆጥረው በግራ እጃቸው ይይዙና፣ አንድ ሴል ባዩ ቁጥር አንድ ፍሬ ከአምስቱ ኩባያ ወደ አንዱ ይጥላሉ። ዓይናቸው ከማይክሮስኮፑ አይነሣም። እጃቸው ባዶ ሲሆን መቶ ሞላ ማለት ነው። በቆሎውን ሰው ቆልቶ እንዳይበላባቸው በጂቪ፣ ያው ለአፍ ቁስል በሚቀባው ሐምራዊ መድኃኒት፣ ነክረውት ነበር።

አሲዱ ከአርባ ምንጭ ነበር የሚላከው። መንገዱ ሲበላሽ፣ መኪናው ሲጠፋ፣ ጭራሽ መምጣቱን ተወ። ጋሽ ሳሙኤል አልተጨነቁም። ከሐጂ ሱቅ አቸቶ ገዙ፣ በተጣራ የዝናብ ውሃ አቀጠኑ፣ ከጂቪው ጠብ አደረጉበት። ሆነ! ሐጂ በየወሩ አቸቶ ሲሸጡላቸው «ጋሽ ሳሙኤል፣ እርስዎ ቤት ሰላጣ ብቻ ነው እንዴ የሚበላው?» እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

አቸቶ ግን ሁሉም አንድ አይደለም። አንዱ ይከራል፣ አንዱ ውሃ ነው። ስለዚህ ጋሽ ሳሙኤል አዲስ ጠርሙስ በተከፈተ ቁጥር፣ የበሽተኛ ደም ሳይነኩ፣ የራሳቸውን ጣት ወግተው የራሳቸውን ደም ይቆጥራሉ። የራሳቸውን ቁጥር ያውቁታል፤ ስድስት ሺህ አካባቢ ነው። ያ ከመጣ አቸቶው ደህና ነው። ካልመጣ ይደፋል። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ለምን የበሽተኛውን አንሞክርበትም?» አልኳቸው።

«በሽተኛው ለራሱ የሚበቃ ደም የለውም። አንተ ጎረምሳ ነህ፣ አንዲት ጠብታ አትሰስት» አሉኝ።

ሰባ ላይ ሐመር አገር፣ ቱርሚ ተላክሁ። ሦስት ዓመት እዚያ ሠራሁ። መብራት ስለሌለ ማይክሮስኮፑን ደጅ አውጥቼ፣ ከሥሩ ያለውን መስታወት ወደ ፀሐይ አዙሬ ነበር የምቆጥረው። አንድ የሐመር ሽማግሌ ልጃቸውን አምጥተው ጣቷን ስወጋ አዩና በአስተርጓሚ እንዲህ አሉኝ፦ «እኛ ከብት አንገቱ ላይ በቀስት ወግተን አንድ ቅል ሙሉ ደም እንቀዳለን፤ በሬው ምን እንደጎደለው ግን አይነግረንም። አንተ በዚህች ጠብታ ልታውቅ ነው?» እንዲያዩ ጋበዝኳቸው። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ «ብዙ ናቸው፤ ማነው የሚጠብቃቸው?» ብለው ጠየቁኝ።

በሰባ ሦስት ወደ ጂንካ ተመለስኩ። የተጠራሁት ጋሽ ሳሙኤል ሥራ ስላቆሙ ነው። ማንም አላስቆማቸውም። አንድ ጠዋት ያንኑ መስታወት ሦስት ጊዜ ቆጥረው ሦስት የማይቀራረብ ቁጥር አገኙ። ማይክሮስኮፑን ጨርቁን አለበሱና ሐኪሙ ዘንድ ሄደው «ዓይኔ ከድቶኛል፤ ከዛሬ ጀምሮ አልቆጥርም» አሉ። ጡረታቸው አልደረሰም፤ ማንም ስህተት አላገኘባቸውም። የመድኃኒት ቤቱን ዕቃ ግምጃ ቤት እንዲጠብቁ ተመደቡ። አቸቶውን ግን እሳቸው ነበሩ የሚገዙልኝ።

በዚያው ዓመት ነው ሆራ በዘበኝነት የተቀጠረው። ሆራ የአርቦሬ ሰው ነው። ከብት ሊሸጥ መጥቶ ጂንካ የቀረ፣ አርቦሬውን፣ ሐመሩን፣ ፀማዩን ሁሉ የሚያስተረጉም። አማርኛ የተማረው ከተማ ውስጥ ነው፤ ዶክተሩንም አስተዳዳሪውንም እኔንም «አንተ» ነው የሚለን። በመሠረተ ትምህርት ማንበብ ተምሮ ነበር፤ ከፊደሉ ይልቅ ቁጥሩን ወደደው። ነጭ ሴል ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ «እንዳንተ ዘበኞች ናቸው፤ ሌባ ሲገባ ይሯሯጣሉ» አልኩት። ከዚያ ወዲያ ምሳ አብረን ስንበላ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ዛሬ ስንት ዘበኛ ቆጠርክ?»

ወዳጄ ነበር። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል።

አሁን ወደዚያ ልግባ፤ ስዞረው ብውልም አይቀርም።

የተመለስኩ ሰሞን አዲስ ጠርሙስ ሲከፈት ጣቴን እወጋ ነበር። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ወጋሁ። ሁልጊዜ መቶ አሥራ ምናምን ነው፤ አቸቶው አንድም ቀን አልተበላሸም። ሦስተኛው ዓመት ላይ ተውኩት። ማን አየኝ! ጊዜም የለም፣ ጣቴም ያመኛል፣ ውጤቱንም አውቀዋለሁ አልኩ።

በሰባ ሰባት ድርቁ ሲጠና የቆላው ሰው ሣርና ውሃ ፍለጋ ወደ ወይጦ ወንዝ ዳር ወረደ፤ ኩይሳ በኩይሳ በሆነው ቦታ ሰፈረ። በበልጉ ዝናብ ከዚያ በኩል በሽተኛ መምጣት ጀመረ። ትኩሳት፣ ክሳት፣ ያበጠ ጣፊያ። በዚያው ሳምንት ደግሞ ለብሔራዊ ውትድርና የተመለመሉ ጎረምሶች ግቢውን ሞሉት። የነጭ ሴል ቆጠራ ባይታዘዝላቸውም ሁሉም ደምና ሽንት መመርመር አለባቸው። ካድሬው በየሰዓቱ ብቅ እያለ «ጓድ በቀለ፣ አብዮቱ ያንተን ጠብታ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም!» ይለኛል። ጋሽ ሳሙኤል ሰኞ ዕለት አዲስ አቸቶ አመጡልኝ። ሐጂ የተለመደውን አጥተው ሌላ ዓይነት ነው የሸጡላቸው፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። ቀላቀልኩትና ሥራዬን ቀጠልኩ።

ማክሰኞና ረቡዕ ከወይጦ ከመጡት የአራቱ ነጭ ሴል ከልክ በታች ሆነብኝ። አንዱ ሁለት ሺህ፣ ሌላው ከዚያም ያነሰ። አራት ሰው በተከታታይ! እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ መጠርጠሩንስ ጠረጠርኩ፣ ግን የጠረጠርኩት አቸቶውን ነው። ከርሯል፤ ከቀዩ ጋር ግማሹን ነጭ እያሟሟብኝ ነው አልኩ። ጣቴን ወግቼ ባረጋግጥ አሥር ደቂቃ ነው። አሥሯን ደቂቃ ሰሰትኩ። የበሽተኞቹን ቁጥር በሁለት አባዝቼ ጻፍኩ። ማረሜ ነበር እኮ! ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ሐሙስ ሆራ ታናሽ ወንድሙን ይዞ መጣ። ስሙ አርኮሎ ነው። ቁመናው የወንድሙ ነው፤ ሥጋው ግን አልቋል፣ ሆዱ ብቻ ተነፍቷል። «ሆዱ ድንጋይ ገብቷል» አለኝ ሆራ።

ዶክተር ኃይሉ፣ ያኔ የነበረው ወጣቱ ሐኪማችን፣ ራሱ ወረቀቱን ይዞ ክፍሌ ድረስ መጣ። «በቀለ፣ ጣፊያው እምብርቱ ጋ ደርሷል። ወባ ሊሆን ይችላል፤ ካላዛር ነው ብዬም ፈርቻለሁ። ነጩ ካነሰ እዚሁ አስተኝቼ ጣፊያውን ወግቼ አያለሁ፣ የመድኃኒቱን መርፌም ከአርባ ምንጭ አስመጣለሁ። ደህና ከሆነ የወባ ጣፊያ ነው፣ ክሎሮኪን ሰጥቼ እሸኘዋለሁ» አለኝ።

ካላዛር ኩይሳ ውስጥ የምትራባ የአሸዋ ዝንብ የምታመጣው በሽታ ነው። በጊዜ ከተገኘ መርፌ አለው። ካልተገኘ ደሙን ከመቅኒው ጀምሮ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ በእኔ ቁጥር ላይ ወደቀ፤ ይህንን አውቅ ነበር።

የአርኮሎን ጣት ወጋሁ። ቆጠርኩ። አርባ ሁለት። ሌላ ጠብታ አድርጌ ደገምኩ። አርባ አንድ። አርባ ሁለት በሃምሳ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ነው። «አይ ይሄ አቸቶ!» አልኩና በሁለት አባዝቼ መዝገቡም ላይ ወረቀቱም ላይ አራት ሺህ ሁለት መቶ ብዬ ጻፍኩ።

«ስንት ዘበኛ አለው?» አለ ሆራ ከበሩ።

«አራት ሺህ ሁለት መቶ።»

«ጥሩ ነው?»

«ጥሩ ነው።»

ሆራ በቋንቋቸው ነገረው። አርኮሎ ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። ጥርሱ ነጭ፣ ድዱ ግን ደም የሌለው ነበር። ያንን ድድ አይቼዋለሁ። ክሎሮኪኑን ተቀብሎ በማግስቱ በጭነት መኪና እስከ ወይጦ ተሸኘ።

በዘጠነኛው ቀን ጋሽ ሳሙኤል አልኮል ሊሰጡኝ መጥተው «አዲሱ አቸቶ እንዴት ሆነልህ?» አሉ።

«ከርሯል ጋሼ፤ ነጩን ይበላል። እኔ ግን እያረምኩት ነው።»

በር ላይ ቆሙ። «የራስህን ስንት አገኘህ?»

ፒፔቱን ማጠብ ጀመርኩ።

«በቀለ፣ የራስህን ደም ስንት አገኘህ ነው የምልህ?»

ገቡ። ግራ እጄን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፣ የቀለበት ጣቴን ራሳቸው ወጉት። ፒፔቱን ይዤ ከዚያው ጠርሙስ ሳብኩ። ቆጠርኩ። መቶ አሥራ ስምንት። ደገምኩት። መቶ ሃያ። አቸቶው አንድም እንከን አልነበረበትም። ሰዎቹ ናቸው ባዶ የነበሩት፤ እኔ ባዶውን ሞልቼ ጻፍኩት።

ጋሽ ሳሙኤል አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብለው ፊታቸውን በእጃቸው ያዙና «ስንት ሰው ነው?» ብቻ አሉኝ። አምስት ነበሩ።

እየሮጥኩ ለዶክተር ኃይሉ ነገርኩት። ፊቱ ዓመድ መሰለ። «ውጣ፤ ፈልጋቸው» አለኝ። ሁለቱ እኛው ጤና ጣቢያ ገና ተኝተው ነበር። ሁለቱን ቀይ አፈር ከተማ ከዘመድ ቤት አገኘናቸው። የዶክተሩ መርፌ የአራቱንም ጣፊያ ወግቶ በአራቱም ካላዛር አገኘ። ለአምስቱም መድኃኒት በሬዲዮ ተጠየቀ። የቀረው አርኮሎ ነው።

በሩ ላይ ሆራን አገኘሁት። እውነቱን ልነግረው ነበር፤ እምላለሁ፣ አፌ ላይ ነበር።

«ዶክተሩ ወንድምህን እንደገና ማየት ፈልጓል» አልኩት።

«ዘበኞቹ ጥሩ ናቸው አላልክም?»

«መድኃኒት ሊጨምርለት ነው።»

እንዲህ ብዬ ዋሸሁት። በዚያችው ሰዓት ዱላውን ይዞ ወጣ። ወይጦ ሞልቶ መኪና ቆሟል፤ ወንዙን በገመድ ተሻግሮ እስከ አርቦሬ በእግሩ ሄደ። በወጣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከሁለት ዘመዶቹ ጋር ወንድሙን በቃሬዛ ተሸክሞ ገባ። የአርኮሎ አፍንጫ ይደማ ነበር፤ በጨርቅ ጠቅጥቀውታል። ቆጠርኩ። አሥራ ስምንት። በሃምሳ ዘጠኝ መቶ። በዚህ ጊዜ ሆራ ስንት ነው ብሎ አልጠየቀኝም።

የሆራ ደም ተስማማውና አንድ ጠርሙስ ቀድቼ ሰጠነው። ትንሽ ቀና አለ፤ ወተት ጠየቀ። ተጨማሪ መርፌ ከአርባ ምንጭ በማግስቱ አውሮፕላን ይመጣል ተባለ። ቀደም ብለው የተኙት አራቱ መጀመሪያ በተላከው ጥቂት መድኃኒት ሕክምናቸውን ጀምረው ነበር፤ ለአርኮሎ በሚበቃ መጠን ግን ዕቃ ቤት ውስጥ አልቀረም። ለአርኮሎ የተያዘችውን ድርሻ ለሌሎቹ ሰጥተናት ነበር፤ አይመጣም ብለን።

በማግስቱ ከረፋዱ ላይ የአውሮፕላኑ ድምፅ ተሰማ። ሦስት ቀን የዘነበ ዝናብ ሜዳውን ጭቃ አድርጎታል። ከተማው ሁሉ ወጣ። ሆራ ደም ሰጥቶ ገና አልጠናም፤ እሱ ግን ከሁሉ ቀድሞ ሜዳው ላይ ደረሰና ከብቱን በዱላው ያባርር ጀመር። ላሞቹን ወዲህ፣ ጥጃዎቹን ወዲያ፤ ይወድቃል፣ ይነሣል፣ ይጮሃል። አውሮፕላኑ ሁለት ጊዜ ዞረ። ሁለተኛው ላይ ዝቅ ብሎ መንኮራኩሩን አየነው። ከዚያ ቀና አለና ወደ መጣበት ተመለሰ። ሆራ ባዶውን ሜዳ መሐል ዱላውን ይዞ ቆሞ ቀረ። እኔ ሜዳው ዳር ቆሜ አየዋለሁ፤ አንድም እርምጃ ወደ እሱ አልሄድኩም።

አርኮሎ በነጋታው ሳይረፍድ ሞተ። ጂንካ ቀበርነው። ሆራ ለእናቱ ሊነግር ወደ አርቦሬ ሄደ፤ ከሁለት ወር በኋላ ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ። ምሳ አብሮኝ መብላቱን ግን ተወ። እኔም አልጠራሁትም።

ዶክተር ኃይሉ አልከሰሰኝም። «ሌላ የሚቆጥር ሰው የለኝም» ብቻ አለኝ። ጋሽ ሳሙኤል ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ ታመው ወደ ጎፋ ተወሰዱና እዚያው አረፉ። እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ አዲስ ጠርሙስ ሲከፈት ብቻ ሳይሆን በየሰኞው ጣቴን ወጋሁ። ያንኑ ጣት። ሌላውን መቀየር እችል ነበር፤ አልፈለግሁም። ሆራ አንዳንዴ በበሩ ሲያልፍ ቆም ብሎ ያየኛል፤ ከዚያ ይሄዳል።

ስድስት ዓመት እንዲህ አለፈ። በሰማንያ ሦስት ግንቦት ላይ መንግሥት ወደቀ። አስተዳዳሪው ሄደ፣ ካድሬው ሄደ፣ ከጤና ጣቢያውም የአገሩ ሰው ያልሆነ አብዛኛው ሠራተኛ ወደየመጣበት ተበተነ። ጠመንጃ የያዘ ሁሉ በከተማው ያልፋል። ሆራ በዱላ ብቻ በሩን ይጠብቃል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ እኔና እሱ ብቻ ቀረን። ነገ የምንሞት ይመስለኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ድፍረት የሰጠኝም ያ ነው፣ ደግነት አይደለም። ጠርቼ አስገባሁትና ሁሉንም ነገርኩት። አቸቶውን፣ ጣቴን፣ ማባዛቴን፣ በሩ ላይ የዋሸሁትን።

እስክጨርስ ጠበቀኝ። «አውቃለሁ» አለ።

«ምን?»

«እኔ ስቀጠር ጣትህን ትወጋ ነበር። ከዚያ ተውክ። ወንድሜ ሲሞት እንደገና መውጋት ጀመርክ። ለምን ብዬ ሳሙኤልን ጠየቅሁ። እሱ አይዋሽም፤ ነገረኝ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አልክ?»

«አንተ እስክትነግረኝ ጠበቅሁ። ቆየህ፣ በቀለ። በጣም ቆየህ።»

ማልቀስ ጀመርኩ። እሱ አላለቀሰም። «መዝገቡን አምጣ» አለኝ። የሰባ ሰባቱን ከመደርደሪያ አወረድኩ። ራሱ ገለጠ፤ በጣቱ እየተከተለ ወርዶ የወንድሙ ስም ላይ ቆመ። አራት ሺህ ሁለት መቶ የሚለውን ቀስ ብሎ አነበበው።

«ወንድሜ ስንት ነበር?»

«ሁለት ሺህ አንድ መቶ።»

«ጻፈው።»

የተጻፈውን በአንድ መስመር ሰርዤ ከላዩ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ጻፍኩ፤ ስሜንና ቀኑን ጨመርኩበት። ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ አነበበና መዝገቡን ዘጋ። እጄን ዘረጋሁለት። እጄን አየ፣ ጣቴን አየ፤ አልጨበጠኝም።

«አንተ ጥሩ ነው ስትለው ወንድሜ ሳቀ እኮ» አለኝና ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ላይ ማንም የለም። የግቢው ቁልፍ የላቦራቶሪው እጀታ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። ወደ አርቦሬ መንገድ ሲወርድ ያዩት ነበሩ፤ እኔ ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። በሩን ከፍቼ ገባሁ። ቀኑ ሰኞ ነበር። አንድም በሽተኛ አልመጣም። ጠርሙሱን አወጣሁ፣ ጣቴን ወጋሁ፣ ቆጠርኩ። መቶ አሥራ ሰባት። መዝገቡ ላይ ያገኘሁትን ጻፍኩ።